የድሮዎቹ አርፒጂዎች ዛሬም ያዋጣሉ ወይ?

ባለፈው «የድሮ ሮል-ፕሌይንግ ጌሞችን ዛሬ መጫወት ያዋጣል ወይ? የሚከነክናችሁን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጻፋችሁ፣ ያውም በብዛት። ግማሻችሁ «የዛሬ ጌም ለዛ የለውም» ትላላችሁ፤ ግማሻችሁ ደግሞ «ሬሳ እየቆፈራችሁ አታድክሙን»። ሁለታችሁም ጋ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስድቡንም ቀንሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «አርፒጂ» ስል ደግሞ ገጸ ባሕርይ ይዘን የምናሳድግባቸውን፣ ሌቭል እየጨመርን ታሪክ ውስጥ የምንገባባቸውን ጌሞች ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ባልደርስ ጌት 3ን በጣም ስለወደድኩት ጓደኞቼ «የመጀመሪያውን ሳታይ አውቃለሁ እንዳትል» አሉኝና ጀመርኩት። አስማተኛ መረጥኩ። ከምሽጉ እንደወጣሁ ተኩላ በላኝ። እንደገና ጀምሬ እንግዳ ማረፊያው ደጃፍ ላይ ስደርስ አንድ ሰውዬ በአስማት ገደለኝ። ይባስ ብሎ የተሻለ ጥሩር በለበስኩ ቁጥር የመከላከያ ቁጥሬ ይቀንሳል! ሰዎች «ክላሲክ» የሚሉት ይህንን ነው እንዴ?
— በተኩላ የተበላው

መልስ፦ መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እንጨርስ። ጌሙ የወጣው በ1998 ነው። የተሠራው በወረቀትና በዳይስ በሚጫወቱት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሁለተኛ እትም ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የመከላከያ ቁጥርህ በወረደ መጠን አንተን መምታት ይከብዳል። 10 ማለት ምንም አልለበስክም ማለት ነው፤ ዜሮ ማለት ደህና ነህ፤ ከዜሮ በታች ከወረድክማ ማን ይነካሃል። የተደበቀ ጥበብ የለውም። የሕጉ ባለቤቶች ራሳቸው በ2000 ሦስተኛውን እትም ሲያወጡ ገልብጠውታል፣ ባልደርስ ጌት 3 ደግሞ በአምስተኛው እትም ላይ ስለተሠራ አንተ የለመድከው ቁጥሩ ወደ ላይ ሲሄድ መደሰት ነው። ስለዚህ አንተ አልደነዘዝክም፤ ሕጉ ነው ያረጀው።

የመሞቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ሌቭል 1 አስማተኛ በዚያ ሕግ ያለው ሕይወት በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ተኩላ፣ አንድ ጥሩ ንክሻ፣ አለቀ። «ፈተና ነው፣ ጎበዝ ያልፈዋል» ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ እኔ አልከራከርም። ጠረጴዛ ላይ ሲጫወቱ አንድ ሰው ጨዋታውን እየመራ ይቀመጣል፤ ጀማሪው ገና በመጀመሪያው ምሽት ሊሞት ሲል ተኩላውን የሚያስሸሽበት መላ አያጣም። ኮምፒውተር ይሉኝታ የለውም። ጌሙን የሠሩት ባዮዌሮች ሕጉን አምጥተው ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት፤ ያንን የሚራራ ሰው ግን አብረው ማስገባት አልቻሉም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያበግኑት ለዚህ ነው።

መላው ብቻህን አለመዞር ነው። ገና ስትወጣ ኢሞን የምትባል ልጅ ትቀላቀልሃለች፤ መንገድ ላይ ሁለት ዓይናቸው የማያምር ሰዎች «አብረን እንሂድ» ይሉሃል፣ እሺ በላቸው። እስከ ስድስት ሰው መያዝ ትችላለህ። ለአስማተኛህ የእንቅልፍ አስማት ስጠው፤ በዝቅተኛ ሌቭል ከእሱ የሚበልጥ መሣሪያ የለም። ውጊያ ሲጀመር ደግሞ ጌሙን አቁመህ ትእዛዝ ስጥ። እንደ አክሽን ጌም እየሮጥክ ከተጫወትከው ትሞታለህ፣ ደጋግመህ ትሞታለህ።

ይህንን ካለፍክ በኋላ ዛሬም ያላረጀውን ታገኘዋለህ። ዋናው ታሪክ ሳይጎትትህ ጫካ ለጫካ መዞር ትችላለህ፤ በየካርታው ጥግ ማንም «እዚህ ና» ብሎ ቀስት ያልሠራለት ነገር አለ። የያዝካቸው ሰዎችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ክፉና ደጉን አንድ ላይ ካሰለፍካቸው መነቋቆር ይጀምሩና አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰይፍ ይማዘዛሉ። ባልደርስ ጌት 3 ላይ የወደድከው የጓደኞችህ ጭቅጭቅ መነሻው እዚህ ነው።

የናሽኬልን ማዕድን ማውጫ ጨርሰህ አሁንም ካልገባልህ፣ ተወውና ወደ ሁለተኛው ዝለል። በ2000 የወጣው ሁለተኛው ጌም ከፍ ባለ ሌቭል ስለሚጀምር የተኩላው ጣጣ የለም፣ ጽሑፉም በብዙ ይበልጣል። የመጀመሪያውን ስትጫወት ግን በ2012 የወጣውን የታደሰ እትሙን ያዝ፤ እሱ ላይ በኋላ የተጨመረ የታሪክ ሁነታ አለ፣ ከነካኸው ሰዎችህ አይሞቱም። ማንም አያይህም።

ጥያቄ፦ ፋይናል ፋንታሲ 7 የልጅነቴ ጌም ነው። ለታናሽ ወንድሜ ሳሳየው እጃቸው እንደ ጡብ ነው ብሎ ሳቀ። እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔ የምወደው ጌሙን ነው ወይስ ልጅነቴን?
— ታላቅየው

መልስ፦ ወንድምህ ልክ ነው፣ እጃቸው ጡብ ነው። ጌሙ በ1997 ለፕሌይስቴሽን ሲወጣ ሦስት ሲዲ ሞልቶ ነበር፤ አብዛኛው ጀርባ ግን አስቀድሞ ተስሎ ያለቀ ሥዕል ነው፣ ሰዎቹ ደግሞ ማሽኑ በቅጽበት የሚሠራቸው ጥቂት ሦስት ማዕዘኖች። ስለዚህ ከተማው ዛሬም ያምራል፣ ሰዎቹ ደግሞ ከሌላ ጌም የመጡ ይመስላሉ።

አሁን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ የወጣውን ፋይናል ፋንታሲ 6 አሳየው። አይስቅም። በዕድሜ ታላቅ ሆኖ ወጣት የሚመስለው፣ በነጥብ በነጥብ የሚሠራው ሥዕል በ1994 ሠሪዎቹ ጥግ ድረስ ያወቁት ሙያ ስለነበረ ነው። 3ዲው ገና መዳህ የጀመረበት ዘመን ነው። ያኔ ሁሉም ሰው 3ዲውን እያየ አፉን ከፈተ፣ ነጥቡን «የልጆች ነገር» አለው፤ ዛሬ ዓይናችን የፈረደው በተቃራኒው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ እነዚያ ነጥቦች የተሳሉት ለድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ነው። ያ ቴሌቪዥን ጠርዙን ትንሽ ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙን ከጎረቤቱ ጋር ያዋህደዋል፣ ሠዓሊዎቹም ይህንን ቆጥረው ነው የሠሩት። በዛሬ ስክሪን ላይ ሹል ሆኖ የሚታይህ ካሬ ሁሉ እንዲያ እንዲታይ አልታሰበም። ብዙዎቹ የታደሱ እትሞችና ኢሙሌተሮች (የድሮ ማሽን ጌሞችን በዛሬ ኮምፒውተር የሚያስነሡ ፕሮግራሞች) የድሮውን ስክሪን የሚያስመስል ማጣሪያ አላቸው፤ ከፍተህ ሞክረው።

የልጅነቱ ጉዳይ ግን ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ የምፈርድበት መንገድ አለኝ፦ ጌሙ ሲወጣ ገና ያልተወለደ ሰው ማንም ሳያስገድደው ይጨርሰዋል ወይ? በ1995 የወጣው ክሮኖ ትሪገር ይህንን ፈተና ያለ ምንም ችግር ያልፋል። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ዐውደ ርእይ አለ፤ ትዞራለህ፣ የሰው ምሳ ትበላለህ፣ የጠፋች ድመት ለአንዲት ልጅ ትመልሳለህ ወይም አትመልስም። ጨዋታ ነው ብለህ ትረሳዋለህ። ትንሽ ቆይተህ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ፣ እነዚያ ያየሃቸው ሰዎች ምስክር ሆነው ይመጣሉ! ያንን የበላኸውን ምሳ ሰውየው አልረሳውም። ይህ የተደረገው 4 ሜጋባይት በሆነች ካርትሪጅ ላይ ነው፤ ዛሬ በስልክህ የምታነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ግራፊክስ ስለተሻሻለ አያረጅም።

ፋይናል ፋንታሲ 7ስ? ያልፋል እላለሁ፣ ግን እየተንገዳገደ። ታሪኩና ሙዚቃው ይሸከሙታል። አንድ አስማት በጠራህ ቁጥር ያንኑ ረጅም ትርኢት መልሶ መላልሶ ማየት ግን ያኔም ያሰለች ነበር፣ ደፍረን አላልነውም እንጂ።

ጥያቄ፦ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነኝ፣ ሥራና ልጆች አሉኝ። በወጣትነቴ የተጫወትኳቸውን ድራገን ኩዌስትንና የመጀመሪያዎቹን ፋይናል ፋንታሲዎች እንደገና ለመጨረስ አስቤ ነበር። ግን ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ውጊያ ይጀመራል። ድሮ እንዴት ቻልኩት?
— ጊዜ ያጣሁ እናት

መልስ፦ ድሮማ ጊዜ ነበረዎት፣ ሌላ ጌምም አልነበረዎትም። አይፍረዱበት፤ በ1986 የወጣው የመጀመሪያው ድራገን ኩዌስት ጠቅላላ መጠኑ 64 ኪሎባይት ነው። ካርታው፣ ጭራቆቹ፣ ሙዚቃው፣ ጽሑፉ፣ ሁሉም በዚያ ውስጥ። በጃፓን ሲወጣ ያቆሙበትን ቦታ የሚያስቀምጥበት እንኳ ስላልነበረው ተጫዋቹ ረጅም የፊደል ድርድር ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር የሚቀጥለው። እንግዲህ ይህችን የምታክል ዓለም ሳምንታት እንድትቆይ ከተፈለገ መንገዱን በውጊያ መሙላት ነው የሚቀረው። ሌቭል ለመጨመር መመላለሱ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ቦታ ስለጠበበ ጊዜውን ከእርስዎ ወሰዱ።

ስለዚህ ሳይሸማቀቁ ያጥፉት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፋይናል ፋንታሲዎች ፒክስል ሪማስተር በሚል ስም ከ2021 ጀምሮ እንደገና ወጥተዋል፤ በኋላ የወጡት እትሞች ላይ ድንገተኛውን ውጊያ ማጥፋት፣ ከአንድ ውጊያ የሚገኘውንም ልምድ እስከ አራት እጥፍ ማባዛት ይቻላል። ምክሬ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ነው፦ ማባዣውን ከፍ ያድርጉት፣ ውጊያውን ደግሞ መንገድ ሲጠፋብዎት ብቻ ያጥፉት። ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ከሄዱ ቦሱ (ትልቁ ጠላት) በር ላይ በሌቭል 5 ይደርሱና ጉድ ይፈላል።

ደግሞ ሁሉንም መጨረስ ግዴታ አይደለም። ሦስተኛው ድራገን ኩዌስት በ2024 ከሥር ታድሶ ወጥቷል፤ አንዱን ብቻ ከመረጡ እሱን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ሞሮዊንድን ለመውደድ እየታገልኩ ነው። ሰይፌ ጠላቱ ሆድ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አያለሁ፣ ምንም አይሆንም። አስር ጊዜ መትቼ አንዴ ይነካዋል። ደግሞ የት እንደምሄድ የሚያሳይ ቀስት የለም። ይህ ጌም ተበላሽቷል ወይስ እኔ ነኝ?
— የጠፋችው

መልስ፦ ይህንን ደብዳቤ ነው ስጠብቅ የነበረው።

ሞሮዊንድ በ2002 የወጣ ነው፤ ዓይንሽ የሚያየው 3ዲ አክሽን ነው፣ ከሥር ያለው ግን ዳይስ ነው። ሰይፉ ነካ አልነካ የሚወስነው ሒሳብ ነው፦ በዚያ መሣሪያ ያለሽ ችሎታ፣ ቅልጥፍናሽ፣ ዕድልሽ፣ እና አብዛኛው ጀማሪ ዞር ብሎ የማያያት አረንጓዴዋ የድካም መስመር። ስትሮጪ ትቀንሳለች። አንቺ ደግሞ ሁሉም ቦታ እየሮጥሽ ነው የምትሄጂው፣ ገመትኩ አይደል? ጠላት ጋ ስትደርሺ ባዶ ናት፣ ዳይሱም ይፈርድብሻል። ሌላው ወጥመድ መጀመሪያው ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ጩቤ ናት። ሁሉም ያነሣታል፤ ግን ስትጀምሪ የመረጥሽው ችሎታ ረጅም ሰይፍ ከሆነ፣ ያቺ ጩቤ እጅሽ ላይ ማገዶ ናት። በመረጥሽው መሣሪያ ተዋጊ፣ ከውጊያ በፊት ሩጫሽን ተዪ፣ ልዩነቱን ወዲያው ታዪዋለሽ።

ጥሩ ነው ወይ? ውጊያው? አይደለም። ዓይን ያየውንና ሒሳቡ የሚለውን የሚያስታርቅ ነገር አላበጁለትም፤ ሰውየው ገለል ሲል ወይም በጋሻ ሲመክት ብታዪ ኖሮ አትናደጂም ነበር። ተራ በተራ በሚጫወቱት ጌሞች «ሳተ» ሲልሽ የማትናደጂው እኮ ሰይፉ ሲገባ ስላላየሽ ነው።

የቀስቱ ነገር ላይ ግን ሽንጤን ገትሬ ነው የምከራከርሽ። የድሮ ጌም ሲያስቸግረኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ ችግር የመጣው ማሽኑ ስላልቻለ ነው ወይስ ጌሙ ራሱ ይህንን ፈልጎ ነው? ድንገተኛው ውጊያ የማሽኑ ነው፣ ይጥፋ። የተገለበጠው የመከላከያ ቁጥር የወረቀቱ ሕግ ቅሪት ነው፣ እሱም ይጥፋ። ሞሮዊንድ ላይ መንገድ መጠየቅ ግን ጌሙ ራሱ ነው። አንድ ሰው «ከከተማው በሰሜን ውጪ፣ ወንዙን ተከተዪ፣ መንታ መንገዱ ላይ ምልክት አለ፣ ግራውን ያዢ» ይልሻል። ማስታወሻሽ ላይ ይጻፋል። ከዚያ አንቺ ምልክቱን ታነቢያለሽ፣ ኮረብታውን ታዪያለሽ፣ ትሳሳቻለሽ፣ ስትሳሳቺ ሌላ ዋሻ ታገኛለሽ። ደሴቲቱን በጭንቅላትሽ ታውቂያታለሽ። ካርታ ነክተሽ መዝለል ስለሌለ ጉዞ ራሱ ዕቅድ ይፈልጋል፤ ከከተማ ከተማ የሚወስዱ እንደ ቁንጫ ያሉ ግዙፍ ፍጥረታት አሉ፣ ጀልባ አለ፣ የቴሌፖርት አስማት አለ፤ ማን ከየት ወዴት እንደሚሄድ የምትማሪው አንቺ ነሽ።

በ2006 የመጣው የሞሮዊንድ ተከታይ ኦብሊቪየን ሁለቱንም «ጠገነ»፤ ሰይፉ ከነካ ነካ፣ ቀስትም መጣ። የመጀመሪያው ጥሩ ጥገና ነው። ሁለተኛው ግን ጣጣ አመጣ፦ ቀስቱ ስላለ ሰዎቹ መንገድ መናገር አቆሙ። «ቀስቱን አልፈልግም» ብትዪ እንኳ አማራጭ የለሽም፣ ምክንያቱም የት እንደምትሄጂ የሚነግርሽ ሌላ የለም። ከዚያ ወዲህ የመጡ ስንት ጌሞችን ዓይኔን ትንሿ ካርታ ላይ ተክዬ እንደጨረስኩ እኔ አውቃለሁ። ቆንጆ ዓለም ሠርተው እንዳላየው አደረጉኝ።

ሌላም ልንገርሽ። ሞሮዊንድ ላይ ለዋናው ታሪክ የሚያስፈልግ ሰው ከገደልሽ ጌሙ አያስቆምሽም። የዕጣ ፈንታው ክር ተበጥሷል የሚል መልእክት ያወጣልሽና ወይ የድሮ ሴቭሽን መልሺ፣ ወይ ባጠፋሽው ዓለም ኑሪ ይልሻል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ሰው ሲመታ ተንበርክኮ ይነሣል እንጂ አይሞትም።

ግን ፍትሐዊ ልሁን፤ አቅጣጫው የሚያደናግርበት ጊዜ አለ፣ መጀመሪያ የወጣው ማስታወሻ ደብተርም ሁሉንም በቀን ቅደም ተከተል የሚያጭቅ ጉድ ነበር። በተልእኮ መለየት የተጨመረው በኋላ ነው። በጎ ፈቃደኞች እንደ አዲስ የሠሩት ኦፕንኤምደብሊው የሚባል ኢንጅን (ጌሙን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) አለ፤ የጌሙን ፋይሎች ገዝተሽ በእሱ ብታስነሺው በዛሬ ኮምፒውተር ላይ በጣም የተሻለ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ዝም ብለሽ ማሞገስ ብቻ! እስቲ ያረጀ፣ የማያዋጣ ጥቀሺ።
— ተጠራጣሪው

መልስ፦ በደስታ። በ1981 የወጣውን የመጀመሪያውን ኡልቲማ ዛሬ ለመዝናናት የሚጫወት ሰው አላውቅም። ባለ ሰይፍ ጀግና ሆነህ ጀምረህ በመሐል መንኮራኩር ውስጥ ትገባለህ፣ የጠላት መርከቦችን ተኩሰህ ካልጣልክ ታሪኩ አይቀጥልም። ያስቃል፣ ለታሪኩ ማየት ይገባል፤ ሌላ የለውም። (አራተኛው ግን፣ የ1985ቱ፣ የሚገደል የመጨረሻ ጠላት የሌለው፣ በስምንት በጎ ምግባሮች የሚፈትንህ ጌም ነው። ሐሳቡ ዛሬም አዲስ ነው፣ መጫወቱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።)

የ1996ቱ ዳገርፎል ዓለሙ አገር የሚያክል ነው፤ ግን በኮምፒውተር ተፈልፍሎ የተሠራ ስለሆነ አንዱ ከተማ ሌላውን ይመስላል። ዋሻዎቹ ደግሞ እንደ ተበተነ ክር ናቸው፣ የምትፈልገውን ዕቃ ሳታገኝ ሰዓቱ ይነጉዳል። የመጀመሪያዎቹ ፖኬሞኖችም ከዚሁ ዓመት ናቸው፤ ሕጻናት አፍቅረዋቸዋል፣ እኔም። ግን ሒሳባቸው በስህተት የተሞላ ነው። የመናፍስት ጥቃት በሳይኪክ ፖኬሞን ላይ ይበረታል እየተባለ በጌሙ ውስጥ ጭራሽ አይሠራም፤ ጠንካራ ምት የማግኘት ዕድልህን ሊጨምር የታሰበ አንድ ችሎታ ደግሞ ጭራሽ ይቀንሰዋል። ሳይኪክ የያዘ ሁሉ ለምን ያሸንፍ እንደነበር አሁን ገባህ? ኋላ የመጡት ሁሉንም አርመውታል፣ ወደ መጀመሪያው የምትመለስበት ምክንያት ትዝታ ብቻ ነው። ትዝታም ምክንያት ነው እንግዲህ።

ጥያቄ፦ ሪሜክ (እንደ አዲስ የተሠራ እትም) ካለ ዋናውን መጫወት ለምን?
— ሰነፉ

መልስ፦ እንደ ሪሜኩ ነው። የፋይናል ፋንታሲ 7 ሪሜክ በ2020 ሲወጣ የያዘው የዋናውን ታሪክ መጀመሪያ፣ የሚድጋርን ከተማ ብቻ ነው፤ ያንን ዘርግቶ ሙሉ ጌም አደረገው፣ ታሪኩንም ነካካው። ሁለተኛው ክፍል በ2024 ነው የመጣው። እንዲያውም ዋናውን የሚያውቅ ሰው ነው ቀልዱ የሚገባው። ስለዚህ ያ ምትክ አይደለም፣ ሌላ ሥራ ነው። የ2025ቱ ኦብሊቪየን ሪማስተር ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ልብሱ አዲስ፣ ውስጡ በአብዛኛው ያው። እሱ ካለህ ዋናውን ፍለጋ አትድከም።

ጥያቄ፦ ስለ ፕሌንስኬፕ፦ ቶርመንት ሁሉም ያወራል። ማንበብ አልወድም። ልሞክረው?
— አጭር ሰው

መልስ፦ አትሞክረው።

ለሌሎቻችሁ ግን፦ የ1999 ጌም ነው፣ የማይሞት ሰው ሆናችሁ በሬሳ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትነሣላችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ አታውቁም። መሞት ጨዋታውን አያስቆመውም፣ አንዳንዴ እንዲያውም መንገድ ይከፍታል። ውጊያው ደካማ ነው፣ ስለዚህ ነጥባችሁን ጉልበት ላይ አትጣሉ፤ ጥበብና ማስተዋል ላይ አፍሱት፣ ዋናው ነገር ንግግሩ ውስጥ ነው። በ2019 የመጣው ዲስኮ ኤሊዚየም ውጊያውን እንደ ሌላው አርፒጂ ለብቻው ሳይሠራ ሁሉንም በንግግር ውስጥ ነው የጨረሰው። ያንን የወደደ ሰው ይህንን ሳያየው መቅረት የለበትም።

ጥያቄ፦ አሳመንሽኝ እንበል። ከየት ልጀምር? ኮምፒውተሬ ደካማ ነው፣ እነዚህ ነገሮች ዛሬ ይነሣሉ እንኳ?
— የመጨረሻው ጠያቂ

መልስ፦ ደካማ ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው። የሚያስቸግረው አቅሙ አይደለም፣ መገኘቱ ነው። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ከወጡት ክላሲክ ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። ክላሲክ ያሉት ከ2010 በፊት የወጣውን ነው። የኮምፒውተሮቹ አርፒጂዎች ከሌላው የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ጂኦጂ የሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ከ2008 ጀምሮ የድሮ ጌሞችን በዛሬ ዊንዶውስ እንዲነሡ አስተካክሎ ይሸጣል፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን የወጡትንም ዶስቦክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ያስነሣቸዋል። የኮንሶሎቹ ነገር ግን ባለቤቱ ኩባንያ ደስ ሲለው ነው።

አንዳንዱን ያቆዩት ተጫዋቾች ናቸው። በ2004 የወጣው ቫምፓየር ብለድላይንስ ገና በስህተት ተሞልቶ ነው የወጣው፣ ያውም ሁሉም ሲጠብቀው የነበረው ሃፍ-ላይፍ 2 በወጣበት በዚያው ቀን፤ የሠራው ስቱዲዮ በዓመቱ ተዘጋ። ዛሬ የምንጫወተው በአድናቂዎች ፓች (ስህተቱን በሚያርም ተጨማሪ ፋይል) ነው። እሱን ስትጭን ፓቹን ሳታስገባ አትጀምር።

መነሻ ካልከኝ ክሮኖ ትሪገር፣ ሳላመነታ። ጠላቶቹን ከሩቅ ታያቸዋለህ፣ ውጊያው እዚያው ቆመህበት ቦታ ላይ ነው፣ ከጨረስከው በኋላ ያካበትከውን ይዘህ እንደገና ጀምረህ ሌላ መጨረሻ ማየት ትችላለህ። ከዚያ የ1997ቱ ፎልአውት። አጭር ነው። 150 ቀን ይሰጥሃል፣ በዚያ ውስጥ ለመጠለያህ የውኃ ቺፕ ታመጣለህ። ደደብ ገጸ ባሕርይ ከሠራህ በእውነት ማውራት ያቅትሃል፤ አንደበተ ርቱዕ ከሠራህ ደግሞ የመጨረሻውን ጠላት ጥይት ሳትተኩስ በክርክር ማሸነፍ ትችላለህ፣ ማስረጃ ይዘህ ከሄድክ። አብረውህ ለሚሄዱት ሰዎች ግን አውቶማቲክ መሣሪያ አትስጥ። ጀርባህን ነው የሚመቱት።

ከመጀመርህ በፊት መመሪያ መጽሐፉን አንብብ። ስትገዛው በፒዲኤፍ አብሮ ይመጣል፣ ማንም አይከፍተውም። ያኔ ጌሙ ውስጥ ማስተማሪያ የሌለው መጽሐፉ ስለነበረ ነው፤ ግማሹ «አስቸጋሪ ነው» የሚባለው ነገር እዚያ ገጽ ላይ ተብራርቶ ተቀምጧል።